ጋሼ፦ በእንስሳት መጠለያ የሚኖር ድመት እንዴት ይያዛል?

የምሠራበት የእንስሳት መጠለያ ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ በሰበታ መስመር ነው። አብዛኞቹ እንግዶቻችን ውሾች ናቸው። ድመቶቹ በጓሮ በኩል ሁለት ክፍል አላቸው፤ ይመጣሉ፣ ይታከማሉ፣ አሳዳጊ ሲገኝላቸው ይሄዳሉ። አንዱ ብቻ አይሄድም። ቡራቡሬ፣ ግራ ጆሮው የተቀደደ፣ ጭንቅላቱ ትልቅ የሆነ ወንድ ድመት ነው። ስሙ ጋሼ ይባላል። ዘበኛችን አባባ አንቱ እያሉ ነው የሚያናግሩት። «ጋሼ፣ ይነሱ እንጂ፣ በሩን ልዘጋ ነው» ይሉታል። አንድ ዓይኑን ገልጦ ያያቸውና መልሶ ይተኛል።

የሚመጣው ሰው ሁሉ ጥያቄው አንድ ነው። «ይሄ ሁሉ ውሻ እየጮኸ እንዴት ተረጋግቶ ይተኛል?» ተፈጥሮው ነው ብል ይቀለኝ ነበር። እርግጥ ግማሹ ተፈጥሮው ነው። ግማሹ ግን በየቀኑ የምንሠራው ሥራ ነው። መጠለያ ለምትከፍቱ፣ ክሊኒክ ላላችሁ፣ ጋራዥ ወይም ሰፊ ግቢ ውስጥ ውሻና ድመት አብራችሁ ለምታኖሩ ነው ይሄን የምጽፈው። ከሁሉም በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። የተረጋጋ ድመት ማለት ሲፈልግ ተነስቶ መሄድ የሚችል ድመት ነው። መሄጃ ያሳጣችሁት ቀን ጭምትነቱም ያበቃል።

ማንን እናስቀር?

ቆንጆውን አታስቀሩ። ቆንጆው አሳዳጊ አያጣም። ግልገሉንም አታስቀሩ፤ የሦስት ወር ግልገል አድጎ ምን ዓይነት ጠባይ እንደሚያወጣ ማንም አያውቅም። ሁለት ዓመት ያለፈው፣ ጠባዩ የለየለት ድመት ፈልጉ።

የእኔ ፈተና ቀላል ነው። ድመቱ ያለበት ክፍል ገብቼ ዝም ብዬ እቀመጣለሁ። ትንሽ ቆይቼ የቁልፍ ዘለላዬን መሬት ላይ እጥላለሁ። ሁሉም ይደነግጣል፤ መደንገጡ ችግር የለውም። የማየው ከዚያ በኋላ የሚያደርገውን ነው። ተመልሶ መጥቶ ቁልፉን የሚያሸት ድመት ለመጠለያ ይሆናል። ሼልፍ ሥር ገብቶ እስከ ማታ የማይወጣው ጸጥ ያለ ቤት ያስፈልገዋል። ምንም ጥፋት የለበትም፤ ቦታው ግን እኛ ጋ አይደለም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይታለላል። ከኬጁ ጥግ ተጣብቆ፣ እግሮቹን ከሥሩ ሰብስቦ፣ ቢነኩት የማይንቀሳቀስ ድመት ያዩና «ውይ፣ እንዴት ጨዋ ነው» ይላሉ። ጨዋ ሆኖ አይደለም፤ ፈርቶ ደርቆ ነው። ዓይኑን እዩት፣ ብሌኑ ሰፍቶ ጥቁር ብቻ ሆኗል። ጆሮው ወደ ጎን ተኝቷል። ቀን ምግብ አይነካም፤ የሚበላው ሌሊት ሰው ሲርቅለት ነው። የተረጋጋው ግን በጎኑ ዘርፈጥ ብሎ ይተኛል፣ ሲጠሩት ጆሮውን ያዞራል፣ ካልተመቸው ተነስቶ ይሄዳል። ሁለቱን ሳትለዩ ድመት አትምረጡ።

መኮላሸት ለድርድር አይቀርብም። ያልተኮላሸ ወንድ ድመት በየግድግዳው ሽንቱን ይረጫል፣ ሌሊት አጥር ዘሎ ይጣላል፣ ቁስል ይዞ ይመለሳል። ንክሻ ደግሞ የድመቶችን በሽታ የመከላከል አቅም የሚያዳክመው ቫይረስ ዋና መተላለፊያ ነው። ሴት ካስቀራችሁም ገና በአራት ወሯ ልታረግዝ ትችላለች፤ እርግዝናዋም ዘጠኝ ሳምንት ገደማ ብቻ ነው። አውሮፓ ውስጥ በክረምት ቀኑ ሲያጥር ድመቶች መውለድ ይቀንሳሉ። እኛ አገር የቀኑ ርዝመት ብዙም ስለማይለያይ እንዲህ ያለ እረፍት የለም። ግልገል በካርቶን ተደርጎ በራችን ላይ የማይጣልበት ወር የለም።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት

የመረጣችሁትን ድመት ወዲያው ግቢ ውስጥ አትልቀቁት። ሁለት ሳምንት ለብቻው ይቀመጥ። ተደብቆ የመጣ በሽታ ካለ አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ጊዜ ውስጥ ይወጣል። እግረ መንገዱን ክትባቱን ይውሰድ፤ የእብድ ውሻ በሽታን፣ እንዲሁም የድመት ጉንፋንንና ከባድ ትውከትና ተቅማጥ የሚያመጣውን የድመት ፓርቮን የሚከላከሉትን። የትል መድኃኒትም ይሰጠው። የእንስሳት ሐኪማችሁ የደም መመርመሪያ ኪት ካለው የድመት ሉኪሚያ የሚባለውን ቫይረስና ቅድም በንክሻ ይተላለፋል ያልኳችሁን ቫይረስ ይመርምርለት። ግቢውን ሁሉ የሚዞር ድመት በሽታ ይዞ እንዳይዞር ነው።

ከዚያ በኋላም ቢሆን መጀመሪያ አንድ ክፍል ብቻ ስጡት። እኛ የሰጠነው ቢሮውን ነው። ክፍሉ ውስጥ ሦስት ነገር ይኑር፤ ከፍ ያለ ቦታ፣ መደበቂያ ካርቶን፣ ሁለት መውጫ። ከሦስቱ በጣም የሚናቀው ካርቶኑ ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ የኔዘርላንድ ጥናት አዲስ የገቡ የመጠለያ ድመቶችን ለሁለት ከፍሎ፣ ለግማሾቹ መደበቂያ ሳጥን ሰጥቶ ነበር። ሳጥን ያገኙት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቶሎ ተረጋጉ። ወጪው ደግሞ ምንም ነው። የዘይት ወይም የፓስታ ካርቶን ከሱቅ ለምኑ፣ በሁለት በኩል ቀዳዳ ቁረጡለት፣ ሲቆሽሽ ጣሉት። አንድ ቀዳዳ ብቻ አትቁረጡ። አንድ በር ብቻ ያለው መደበቂያ ድመት ዓይን ውስጥ ወጥመድ ነው።

ስለ ገመድም ልናገር። አይጥ ይጠብቅ ተብሎ ሱቅ ውስጥ አንገቱ ላይ ሲባጎ የታሰረ ድመት ያላየ የአዲስ አበባ ሰው የለም። እንዲያ ያለው ድመት ዝም ቢል ለምዶ እንዳይመስላችሁ። መሸሽ እንደማይችል ስላወቀ ነው ዝም ያለው። ሲባጎው ደግሞ ሚስማር ላይ ወይም አጥር ላይ ከተጠመጠመ ያንቃል። ለመታወቂያ የግድ አንገት ላይ የሚታሰር ካስፈለገ ሲጎተት በራሱ የሚፈታ ይሁን።

ከንጋት እስከ ማታ

ድመት በቀን ከ12 እስከ 16 ሰዓት ይተኛል። የሚነቃው ንጋትና አመሻሽ ላይ ነው። መጠለያ ደግሞ የሚጮኸው ረፋድና ከሰዓት ነው። ስለዚህ ሥራችሁ የእሱን ሰዓት ከግቢው ሰዓት ጋር ማስታረቅ ነው።

ጋሼ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ይነሳል። አባባ የቢሮውን በር ሲከፍቱለት መጀመሪያ ይንጠራራል፣ ቀጥሎ አጥሩን ተከትሎ አንድ ዙር ይሄዳል። ያሽታል፣ ጉንጩን ብሎኬት ላይ ያሻል። ይሄን ዙር አታቋርጡት፤ አታቅፉት፣ አትጥሩት። ሽታውን እያኖረ «ቤቴ ነው» እያለ ነው። አዲስ ሠራተኛ ስትመጣ መጀመሪያ የሚያምራት በዚህ ሰዓት ማንሳት ነው። አታንሺው እላታለሁ።

1 ሰዓት ላይ ቁርስ። በየቀኑ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ሳህን፣ በአንድ ቦታ። ሳህኑ ቢሮው ውስጥ ሼልፍ ላይ ነው፤ ውሻ አይደርስበትም። ውሃው ከምግቡ ራቅ ይበል፣ ሰፋ ባለ ሳህን ይሁን። አሸዋው ደግሞ ከሁለቱም ይራቅ። እኛም ሽንት ቤት ውስጥ አንበላም።

አሸዋውን የማጸዳው እኔ ነኝ። የወንዝ አሸዋ በወንፊት ነፍተን ሳፋ ውስጥ እንጨምራለን፣ አራት ጣት ያህል ጥልቀት። አሸዋ ሲጠፋ ከአናጢ ቤት ሰጋቱራ እናመጣለን፤ ሙጫና ቀለም ያልነካው መሆን አለበት። የሳፋው ቁጥር ከድመቱ ቁጥር በአንድ ይብለጥ። ጋሼ አንድ ነው፣ ሁለት ሳፋ አለው። ኩሱ በየቀኑ ይውጣ። ይሄ ለሽታ ብቻ አይደለም። ቶክሶፕላዝማ የሚባለው ተውሳክ ከድመት ኩስ ጋር ከወጣ በኋላ ሰው ለመያዝ ቢያንስ አንድ ቀን ይፈልጋል። በየቀኑ ካወጣችሁ ትቀድሙታላችሁ። ነፍሰ ጡር የሆነች ባልደረባ ካለች ግን አሸዋውን ሌላ ሰው ይሥራ።

2 ሰዓት ላይ ውሾቹ በየተራ ይለቀቃሉ። ግቢው ይናወጣል። ጋሼ ይሄን ሰዓት ከእኔ በላይ ያውቀዋል። ከበሩ ድምፅ በፊት የእቃ ቤቱ መስኮት ላይ ወጥቶ ከጆንያዎቹ አናት ይቀመጣል። ያ መስኮት ሁልጊዜ በአንድ ስንዝር ክፍት ነው። ዝናብ ቢዘንብም ክፍት ነው። ከመስኮቱ ውጭ አንድ ጣውላ ግድግዳው ላይ ተመትቷል፤ እሱ ላይ ዘሎ ነው የሚገባው። ከምንም ነገር በላይ ለድመቱ የሠራነው ጥሩ ነገር ያቺ ጣውላ ናት።

ረፋድ ላይ ቡና ይፈላል። ጋሼ ከረከቦቱ አጠገብ ለጥ ይላል፤ ፈንዲሻ ከወደቀለት በመዳፉ እየመታ ይጫወታል እንጂ አይበላም። ከሰሉ በር ክፍት ሆኖ ይሁን፤ የታፈነ የከሰል ጭስ ሰውንም ድመትንም ይገድላል። ከዚያ እስከ 9 ሰዓት ድረስ ወንበሬ ላይ ይተኛል። እኔ በርጩማ ላይ እሠራለሁ።

አመሻሽ 11 ሰዓት ላይ ጨዋታ አለ። ጨዋታ የልጅ ነገር ነው ብላችሁ አትለፉት። እንጨት ላይ ክር፣ ክሩ ጫፍ ላይ የዶሮ ላባ። አሥር ደቂቃ ይበቃል። ላባውን ከእሱ አሽሹት እንጂ ፊቱ ላይ አትወርውሩበት፤ ወደ ድመት የምትሮጥ አይጥ የለችም። ሲጨርስ እራቱን ስጡት። ማደን፣ መብላት፣ ራሱን መላስ፣ መተኛት፤ የድመት ተፈጥሯዊ ቅደም ተከተል ይሄ ነው። ይሄን ያገኘ ድመት ሌሊት አይረብሽም። ክሩን ግን ቆልፉበት፤ የዋጠው ክር አንጀቱን ሊቆርጥ ይችላል።

12 ሰዓት ሲሆን ይገባል። በእኛ አካባቢ ማታ ጅብ ይዞራል። አባባ ቢሮው ውስጥ ከተኛ በኋላ ነው በሩን የሚዘጉት። በክረምትና በኅዳር ብርድ የተጣጠፈ ጆንያ ላይ አሮጌ ጋቢ እንደርባለን። መኪና ካላችሁ ደግሞ ጠዋት ከመነሳታችሁ በፊት ኮፈኑን ደብደብ አድርጉ። ድመት ሙቀት ፍለጋ ሞተር ውስጥ ይገባል።

ሳንባ፣ ጾም፣ ወጥ

የአዲስ አበባ ድመት ምግብ ሳንባ ነው። ሥጋ ቤት ገብቶ «የድመት ሳንባ» ማለት ይበቃል። ክፉ ምግብ አይደለም፤ ብቻውን ግን አይበቃም። እኛ ቀቅለን፣ ከቁርጥራጭ ሥጋና ከልብ ጋር ቀላቅለን እንሰጣለን። ጥሬውን አንሰጥም። ውሃ የቋጠረ ሳንባ ካያችሁ ደግሞ ለማንም እንስሳ፣ በተለይ ለውሻ፣ አትስጡ። ያ የኮሶ ዘመድ የሆነ ትል ያለበት ነው፤ ከውሻው ወደ ሰው ይተላለፋል። ቅበሩት ወይም አቃጥሉት። ጉበት በሳምንት አንዴ በትንሹ ይበቃል፤ በየቀኑ ከሆነ ቫይታሚን ኤ ይበዛበትና አጥንቱን ይጎዳዋል።

እንጀራ በሽሮ ለምዶ የሚኖር ድመት አለ። ይኖራል፣ ግን አይጠግብም። ድመት ታውሪን የሚባል ነገር ከሥጋ ማግኘት አለበት፤ ካጣው ልቡና ዓይኑ ይጎዳል። ለዚህ ነው የውሻ ምግብም ለድመት የማይሆነው። ወተትም አብዛኛው ትልቅ ድመት ሆዱን ያበላሸዋል። ወጥ ደግሞ ጨርሶ አይሞከርም። በርበሬው አይደለም ችግሩ፤ ሽንኩርቱና ነጭ ሽንኩርቱ ነው። ቀይ የደም ሴሉን ይሰብርበታል። የዶሮ ወጥ አጥንት ሲጨመርበት ደግሞ የባሰ ነው፤ የበሰለ የዶሮ አጥንት እንደ ስንጥር ይሰነጠቃል።

አሁን ወደ ዋናው ራስ ምታት። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ የሰፈሩ ሥጋ ቤት ይዘጋል። ጋሼ አይጾምም፤ ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ ነው ነገሩ። ከመጾማችን በፊት በፍሪጅ የሚያዘውን ያህል ቀቅለን በላስቲክ ከፋፍለን እናስቀምጣለን። ሲያልቅ የሙስሊም ሥጋ ቤት እንሄዳለን። በመሀል የተቀቀለ እንቁላል፣ አጥንቱ የወጣለት የተቀቀለ ዓሣ እንሰጣለን። ጥሬ ዓሣ በየቀኑ መስጠት ቫይታሚን ቢ አንድን ያሳጣዋል። የቆርቆሮ ሰርዲን ጨውና ዘይቱ ብዙ ነው፤ ለቸገረ ቀን ብቻ ይሁን። ለውጡን ቀስ በቀስ አድርጉት። ድመት ምግቡ በአንድ ጊዜ ከተቀየረ ጭራሽ ሊተወው ይችላል።

ውሾቹ

ጋሼ ከሁሉም ውሻ ጋር ጓደኛ ነው ብዬ አልዋሽም። ከሦስት አሮጌ ውሾች ጋር አብሮ ፀሐይ ይሞቃል። ከሌሎቹ ጋር ግን አይነካካም፤ የተለያየ ሰዓት አላቸው፣ በቃ።

አዲስ ውሻ ሲመጣና አሳዳጊው ቤት ድመት ካለ፣ ውሻው ድመት ይችል እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል። ብዙ መጠለያ ለዚህ የግቢውን ድመት ይጠቀማል። እኛም እናደርገዋለን፣ በሥርዓቱ። ውሻው አስቀድሞ ሮጦ ደክሞት፣ በአጭር ማሰሪያ ተይዞ፣ አፉ ታስሮ ነው የሚመጣው። ጋሼ ጣውላው ላይ ነው፣ ከጀርባው መስኮቱ ክፍት ነው። ማንም ድመቱን ይዞ ወደ ውሻ አያቀርብም። ይሄ ክልክል ነው፤ ድመቱም ይጎዳል፣ የያዘውም ሰው ይቧጨራል።

የምናየው ውሻውን ነው። አይቶ ፊቱን ካዞረ፣ መሬት ማሽተት ከጀመረ፣ ስሙ ሲጠራ ከሰማ ጥሩ ነው። አፉን ገጥሞ፣ ሰውነቱ ተወጥሮ፣ ዓይኑን ሳይነቅል ካፈጠጠ አበቃ፤ ወዲያው ይመለሳል። የሚጮኸው ውሻ ብዙ አያስፈራኝም። የሚያስፈራኝ ዝም ብሎ የሚያፈጠው ነው። ነገሩ ከደቂቃ አይበልጥም፣ በቀንም ከአንድ ውሻ አይበልጥም። ጋሼ መስኮቱ ውስጥ ከገባ የዕለቱ ፈተና ተሰርዟል። አሳዳጊው ቸኩሎ ከሆነ ነገ ይምጣ። ድመቱ የመጠለያው ሠራተኛ ቢሆንም ፈቃድ የመጠየቅ መብት አለው።

ቅዳሜ፣ የእንግዳ ቀን

ሰው ውሻ ሊያይ ይመጣና ጋሼን ሲያሻሽ ይውላል። ይሄ ጥቅም አለው። ድመት የሚፈራ ሰው ብዙ ነው። ወንበር ላይ የተጋደመ ቡራቡሬ አይቶ ፍርሃቱ የለቀቀው፣ ከጓሮ ካሉት አንዷን ይዞ የሄደ አለ።

ለልጆች አንድ ሕግ ነው ያለኝ። ቁጭ በሉ፣ እሱ ይምጣ። እጃቸውን ዘርግተው ጣታቸውን ያሽት፤ ከዚያ ጉንጩንና አገጩ ሥር ማሻሸት ይቻላል። ሆዱና ጅራቱ አይነካም። ሆዱን ገልብጦ ቢተኛም «ንኩኝ» ማለቱ አይደለም፤ አምኛችኋለሁ ማለቱ ነው። ጅራቱ መሬት ከመታ ወይም የጀርባው ቆዳ ከተርገበገበ እጅ ይነሳ። ለአዋቂዎቹ ደግሞ ዓይናቸውን በዝግታ ጨፈን ገለጥ እንዲያደርጉ እነግራቸዋለሁ። ይስቁብኛል። በ2020 እ.ኤ.አ. የእንግሊዙ የሳሴክስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይሄንኑ ሞክረው፣ ድመቶች በዝግታ ዓይኑን ለሚጨፍንላቸው ሰው መልሰው እንደሚጨፍኑ፣ ወደ ማያውቁት ሰውም ቀረብ እንደሚሉ አሳይተዋል።

የፈረንጅ እንግዳ ሲመጣ «አቢሲኒያን ነው?» ማለቱ አይቀርም። አይደለም። አቢሲኒያን የሚባለው ዝርያ እንግሊዝ አገር የተራባ ነው፣ የዘረ መል ጥናትም መነሻውን ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ ይወስደዋል። ጋሼ የመርካቶ ልጅ ነው።

የአገሬ ሰው ደግሞ «ፀጉሩ አስም ያመጣል» ይላል። አለርጂ ያለበትን ሰው የሚያስነሳበት ፀጉሩ ራሱ ሳይሆን ምራቁና ቆዳው ላይ ያለው ፕሮቲን ነው። አስም ያለበት ሰው ከመውሰዱ በፊት ደጋግሞ መጥቶ ይቀመጥ፣ ራሱን ይይ። «አይዞህ፣ ምንም አትሆንም» ብላችሁ ድመት አትስጡት። በሳምንቱ ይመልሰዋል።

በአንድ ቀን ብዙ ሰው ከመጣ ቢሮውን ለአንድ ሰዓት ዝጉ። «ጋሼ እረፍት ላይ ናቸው» የሚል ወረቀት በሩ ላይ አለን።

በረኪና አዎ፣ ዴቶል አይሆንም

ግቢውን የሚዞር ድመት ያለው መጠለያ በጽዳት መዘናጋት አይችልም። መጀመሪያ ጤነኛ ግልገሎች ያሉበት ይጸዳል፣ ቀጥሎ ትልልቆቹ፣ መጨረሻ የታመሙት። ጋሼ ታማሚ ክፍልና አዲስ ገቢዎች ያሉበት ክፍል ፈጽሞ አይገባም። እኔም ከዚያ ስወጣ ሽርጥና ጫማ ቀይሬ፣ እጄን ታጥቤ ነው የምነካው።

የድመት ፓርቮ ቫይረስ ወለል ላይ እስከ ዓመት ሊቆይ ይችላል። ብዙ የጽዳት ዕቃ አይገድለውም። በረኪና ይገድለዋል። በመጀመሪያ በሳሙና እጠቡ፤ ቆሻሻ ላይ የፈሰሰ በረኪና ከንቱ ነው። ከዚያ ለአንድ ሊትር ውሃ ሁለት የሾርባ ማንኪያ በረኪና በጥብጡ፣ ወለሉ ላይ አሥር ደቂቃ ይቆይ፣ በውሃ ይለቅለቅ፣ ይድረቅ። ድመቱ የሚመለሰው ሲደርቅ ነው። ሽንት ያለበት ቦታ ላይ በረኪና በቀጥታ አታፍሱ፤ ከሽንቱ አሞኒያ ጋር ተዋህዶ የሚያፍን ጋዝ ይወጣዋል።

ዴቶል በየቤቱ አለ፣ በቅን ልቦናም ድመት የሚያጥቡበት አሉ። አታድርጉት። ውስጡ ያለውን ኬሚካል የድመት ጉበት አያጣራውም። መዳፉ ላይ ነክቶት ቢልሰው እንኳ ይጎዳዋል። የቁንጫ መድኃኒትም እንዲሁ። ለውሻ የሚሸጠው ፐርሜትሪን ያለበት መድኃኒት ድመትን ያንቀጠቅጣል፣ ይገድላል። ለከብት መዥገር የሚሸጠውን ማጥመቂያማ ጨርሶ አታስቡት። የአይጥ መርዝ ደግሞ ድመት ባለበት ግቢ አይቀመጥም፤ መርዙን የበላች አይጥ ለድመቱ ቀላል እራት ናት። ወጥመድ ተጠቀሙ። ጎረቤትም አነጋግሩ፤ አባባ በየጊዜው እየዞሩ ይጠይቃሉ።

መታመሙን በምን ታውቃላችሁ?

ጭምት ድመት አስቸጋሪ በሽተኛ ነው። ጤነኛም ሆኖ ስለሚተኛ ሲታመም አይታወቅም። ስለዚህ የሚለካ ነገር ያዙ። በየወሩ ዘንቢል ውስጥ ከትተን በሚሰቀል ሚዛን እንመዝነዋለን። ጋሼ 5 ኪሎ ገደማ ነው። ግማሽ ኪሎ ከቀነሰ፣ ቢበላም ቢጫወትም፣ ሐኪም ያየዋል። ሙቀቱ ከ38 እስከ 39.2 ዲግሪ ድረስ ጤና ነው፤ በሰው መለኪያ አትደንግጡ።

አንድ ቀን ሙሉ ምግብ ካልነካ ለሐኪም ደውሉ። ድመት ለቀናት ካልበላ ስቡ ጉበቱ ላይ ይከማችና ሌላ ትልቅ በሽታ ይሆናል። ወንድ ድመት ደጋግሞ አሸዋ ላይ ወጥቶ እያማጠ ሽንት ካልወጣው ግን ነገ አይባልም። ቧንቧው ተዘግቶ ይሆናል። በዚያው ቀን፣ በዚያው ሰዓት ውሰዱት። ፓራሲታሞል አትስጡት፤ አንድ ፍሬ ይገድለዋል። ስጦታ ሆኖ የመጣ እቅፍ አበባ ውስጥ ሊሊ ካለ ቢሮ አታስገቡት፤ ብናኙ እንኳ ኩላሊቱን ያጠፋዋል።

ከነከሳችሁ ወይም ከቧጨራችሁ፣ የተከተበ ቢሆንም፣ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡና ጤና ጣቢያ ሂዱ። የማይታወቅ ድመት ወይም ውሻ ከሆነ ደግሞ አንድ ቀን አታሳድሩ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ አይድንም ማለት ይቻላል። የባህል መድኃኒት ፍለጋ የሚባክነው ቀን ነው ሰው የሚገድለው።

በዓልና እረፍት

ለቡሄ ጅራፍ ይጮሃል፣ ለዘመን መለወጫና ለመስቀል ርችት አለ። ጋሼ ውሻ ይችላል፣ ጅራፍ አይችልም። የዚያን ዕለት ከ10 ሰዓት በፊት እራቱን በልቶ ቢሮ ይገባል፣ ሬዲዮ ይከፈታል፣ ካርቶኑ ላይ ጋቢ ይጣላል። ከካርቶኑ ጎትታችሁ «አይዞህ» ለማለት አትሞክሩ። እዚያው ይቆይ።

እኔ እረፍት ስወጣ ለምትተካኝ ልጅ የምነግራት ብዙ አይደለም። የእቃ ቤቱን መስኮት እንዳትዘጊ። ሳፋውን ከበር አጠገብ እንዳታዛውሪ። ወንበር ላይ ከተኛ አታስነሺው፣ በርጩማው ይበቃሻል። ቁርሱን ከበላ በኋላ አባባ ጋ ሄዶ እንዳልበላ ሆኖ ይጮሃል፤ አባባም ሁልጊዜ ያምኑታል። ከምሳ ዕቃቸው ሲያጎርሱት ካየሽ ወጥ አለመሆኑን ብቻ አረጋግጪ፣ የቀረውን ከእራቱ ላይ ቀንሺ።